ፕሬድኒሶሎኑን አሁን አትስጫቸው

እህቴ፣ እናትሽ ስኳር እንዳለባቸው፣ ቀኝ ዐይናቸውን አሟቸው ቆቡ እንደወረደና ሁለት ሁለት እንደሚያዩ ጽፈሻል። ፋርማሲ ውስጥ "ፕሬድኒሶሎን ይጀምሩ" ስለተባልሽ ልስጣቸው ወይ ነው ጥያቄሽ። ፕሬድኒሶሎን ስቴሮይድ ከሚባሉት፣ ብግነት ከሚያበርዱ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ተመሳሳይ ነገር ስላለፈብኝ ነው የምመልስልሽ። አሁን አትስጫቸው።

መጀመሪያ ብሌናቸውን እዪ። ደህና ብርሃን ባለበት የወረደውን ቆብ በጣትሽ ቀስ ብለሽ አንሺና ከግራው ጋር አስተያዪው። የቀኙ ከሰፋ ይህን ማንበብ ተዪና ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ዐይን ከሚያንቀሳቅሱት ነርቮች አንዱ፣ ሦስተኛው የሚባለው፣ ያበጠ የደም ስር ሲጫነው ብሌን ይሰፋል። ያ የደም ስር ከፈነዳ ጭንቅላት ውስጥ ደም ይፈሳል። ስለዚህ የጭንቅላት ደም ስር የሚያሳይ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፣ ያውም ዛሬውኑ። ስኳር ነርቩን ሲጎዳው ግን ቢያምም እንኳ ብሌኑ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፤ በ3 ወር ገደማም ይመለሳል። ብሌናቸው እኩል ቢሆንም ታዲያ ዛሬ ሐኪም ይያቸው። ዛሬ እኩል የነበረው ነገ ሊሰፋ ይችላል።

የኔ ሌላ ነበር። ከግራ ዐይኔ ጀርባ በመሰርሰሪያ የሚበሱኝ ነበር የሚመስለኝ። ቤት ውስጥ ምች ነው ተባለና በዳማከሴ ታሸሁ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ ሳይነስ ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠኝ። በኋላ የነርቭ ሐኪም ኤምአርአይ አዘዘልኝ፤ ቶሎሳ ሀንት የሚባል፣ ከዐይን ጀርባ ነርቮቹ የሚያልፉበት ቦታ ላይ የሚነሳ ብግነት ሆኖ ተገኘ። ፕሬድኒሶሎን በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ለቀቀኝ። ዐይኔ እስኪስተካከል ግን ሰባት ሳምንት ፈጀ።

ታዲያ መድኃኒቱን ያገኘሁት ቲቢና ሌላ ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከታየ በኋላ ነው፤ ለምርመራ ከወገቤም ውሃ ተቀድቶልኛል። ሊምፎማ የሚባለው ካንሰርም በስቴሮይድ ለጊዜው ስለሚሻለው ሐኪሙ "ሕመሙ ጠፋ ብለህ እንዳትጠፋ" ብሎ ኤምአርአዩን እንደገና አስነሳኝ። በእናትሽ ላይ ደግሞ የስኳሩ ጣጣ አለ። ስቴሮይድ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስኳር ያለበትን ሰው በአፍንጫ በኩል ገብቶ ዐይን ድረስ የሚሄድ ክፉ ፈንገስም አለ፤ ለሱ ስቴሮይድ መስጠት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።

እስከዚያው ቆቡ ከተነሳና ሁለት ካዩ አንዱን ዐይን በፋሻ ሸፍኚላቸው፤ ደረጃም ብቻቸውን አይውረዱ። እኔ ፋሻ እስካደርግ ድረስ ሻይ የምቀዳው ከሁለቱ ስኒ የሌለው ላይ ነበር።