ጠይቁን፦ ያላለቀ የፒኤችዲ ዕቅድ ይዞ ጉባኤ ፊት መቅረብ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች በርከት ያሉት የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የዶክትሬት ተማሪዎች የጻፏቸው ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት የምርምር ዕቅድን በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ፣ በተለይ «ዶክቶራል ኮንሰርቲየም» በሚባለው መድረክ ስለ ማቅረብ ነው። ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ከአዲስ አበባ፦ ፕሮፖዛሌ ከጸደቀ ሦስት ወር ሆነው። አማካሪዬ ለዶክቶራል ኮንሰርቲየም እንዳመለክት ይገፋፉኛል። የክፍል ጓደኞቼ ግን «ውጤት ሳትይዢ ምን ልታቀርቢ ነው? ዳታሽን ሰብስበሽ ጨርሺና ትሄጃለሽ» ይሉኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ አማካሪዎን ይስሙ። ኮንሰርቲየም ውጤት ለማሳየት የሚኬድበት መድረክ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ዋናው ጉባኤ ከመከፈቱ ቀደም ብሎ ይካሄዳል፤ ጥቂት ተማሪዎች ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ከመጡ ነባር ተመራማሪዎች (ሜንተሮች) ጋር በትናንሽ ቡድን ተቀምጠው እያንዳንዱን ዕቅድ ይመረምራሉ። ሜንተሮቹ ሊጠቅሙዎት የሚችሉት ገና ሊቀየር የሚችል ነገር ይዘው ከሄዱ ነው። መጠይቁ ተበትኖ ከተሰበሰበ በኋላ «ይህ መለኪያ የፈለግሽውን አይለካም» ቢባሉ፣ ትክክል መሆናቸውን እያወቁ ምንም ማድረግ አይችሉም። ጥያቄዎ ሳይለይ መሄድም ያው ኪሳራ ነው፤ ሰዓቱ ሁሉ «ለመሆኑ የምታጠኚው ምንድን ነው?» በሚለው ያልቃል። ጥሩው ጊዜ ጥያቄውና ዘዴው ተጽፈው፣ ምናልባት ትንሽ የሙከራ ጥናት ተደርጎ፣ ዋናው የመስክ ሥራ ያልተጀመረበት ነው። እርስዎ አሁን ያሉት እዚያው ላይ ነው።

የት እንደሚያመለክቱም ያስቡበት። በዘርፉ ትልቁ ጉባኤ አይሲአይኤስ (ዓለም አቀፉ የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ጉባኤ) ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በየዓመቱ ሲካሄድ ቆይቷል፣ ብዙውን ጊዜም በዲሴምበር ይውላል። ወደ ኮንሰርቲየሙ የሚገባው ተቋሙ ያጨው ተማሪ ነው፣ አንድ ተቋምም የሚያጨው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት የትምህርት ክፍልዎን ኃላፊ ያነጋግሩ፤ ሌላ ተማሪ አስቀድሞ ታጭቶ ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ የሚካሄደው ኢሲአይኤስ በጁን፣ የአሜሪካኑ አምሲስ በኦገስት ይውላሉ፤ የእስያና የፓሲፊኩ ፓሲስ ይባላል። ሥራዎ ሥርዓት መንደፍ ከሆነ በንድፍ ምርምር ላይ የሚያተኩረው ዴስሪስት ጉባኤ የተሻለ ቤት ነው። እኛ የምንመክረው በመጀመሪያ ከእነዚህ በአንዱ ተፈትኖ አይሲአይኤስን ለበሰለ ዕቅድ ማቆየት ነው።

ከባሕር ዳር፦ ርዕሴ «በባሕር ዳር ከተማ የአነስተኛ ነጋዴዎችን የቴሌብር አጠቃቀም የሚወስኑ ምክንያቶች» ይላል። ሰዎች አንድን ቴክኖሎጂ ለምን እንደሚቀበሉና እንደሚጠቀሙ የሚያስረዳውን ዩታውት 2 ሞዴል ተጠቅሜ ለ384 ነጋዴዎች መጠይቅ ልበትን አስቤያለሁ። የላክሁት የስምንት ገጽ ዕቅድ «አስተዋጽኦው አልታየንም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ምኑን ላስተካክል?

መልስ፦ ገምጋሚዎቹ ርዕሱ አይረባም አላሉም። ዩታውት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ሁለተኛው በ2012 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ በሞባይል ገንዘብ ላይ በብዙ አገሮች ተፈትኗል። ከተማውን ብቻ ቀይሮ ያንኑ ሞዴል መድገም፣ አሥሩም መላምት ቢረጋገጥ እንኳ፣ አንባቢውን የሚያስተምረው ጥቂት ነው። «በኢትዮጵያ ከዚህ በፊት አልተጠናም» የሚለው ዓረፍተ ነገርም አያድንም፤ ያልተጠና ነገር ሞልቷል፣ ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው ይህኛው መጠናት ያለበት ለምን እንደሆነ ነው።

ሞዴሉን ለጊዜው ያስቀምጡትና ገበያው ውስጥ ጥቂት ቀን ቁጭ ይበሉ። አንድ ባለሱቅ ከደንበኛ በቴሌብር ተቀብሎ፣ ማታ ገንዘቡን አውጥቶ ለአከፋፋዩ በጥሬው ሲከፍል አዩ እንበል። ዩታውት 2 ይህን አያስረዳም። ሞዴሉ አንድ ሰው ለመጠቀም ያስብ እንደሆነና ምን ያህል እንደሚጠቀም ይጠይቃል፤ ይህ ባለሱቅ ግን ይጠቀማል፣ በመቀበያው በኩል ብቻ። አሁን እውነተኛ ጥያቄ ተገኘ፦ «ዲጂታል ክፍያ የሚቀበሉ ነጋዴዎች ለአቅራቢዎቻቸው በጥሬ ገንዘብ መክፈላቸውን የሚቀጥሉት ለምንድን ነው? የዱቤ ግንኙነት፣ የግብር ሥጋትና የአከፋፋዩ ፍላጎትስ ምን ድርሻ አላቸው?» የባሕር ዳር ገበያ እዚህ ላይ የጥናቱ ቦታ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የማብራሪያው አካል ይሆናል። መልሱም ናይሮቢ ላለ ተመራማሪ ይጠቅማል።

ወደ 384 እንምጣ። ይህ ቁጥር በየፕሮፖዛሉ ስለሚገኝ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ጠፍቷል። 1.96 በካሬ፣ በ0.5 ሲባዛ፣ እንደገና በ0.5 ሲባዛ፣ ለ0.05 ካሬ ሲካፈል 384.16 ይሰጣል። የሚያገለግለው በትልቅ ሕዝብ ውስጥ አንድን ምጣኔ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ለመገመት ነው፤ ያውም ናሙናው በዕጣ ከተመረጠ። እርስዎ ግን የምጣኔ ግምት እየሠሩ አይደለም፤ በተለዋዋጮች መካከል ያለ ግንኙነትን ነው የሚፈትኑት። የነጋዴዎች ሙሉ ዝርዝር ከሌለዎትና ሱቁ ክፍት የሆነውን ሁሉ ከጠየቁ ደግሞ 384 ቢሆንም 1,000 ቢሆንም ወካይ አይሆንም። በፒኤልኤስ (በብዙ ተለዋዋጮች መካከል ያለን ግንኙነት በአንድ ላይ በሚፈትነው የስታቲስቲክስ ዘዴ) የሚተነትኑ ከሆነ፣ ሊያመልጥዎ የማይገባውን ትንሹን ኮፊሸንት (የግንኙነቱን ጥንካሬ የሚያሳየውን ቁጥር) ይወስኑና 2.486ን ለእሱ አካፍለው ውጤቱን በራሱ ያባዙት። ይህ በ5 በመቶ የስህተት ደረጃና በ80 በመቶ የመለየት ኃይል የሚሠራ ስሌት ነው። ትንሹ ኮፊሸንት 0.2 ከሆነ 155 ሰው ይበቃል፤ 0.1 ከሆነ ግን 619 ያስፈልጋል፣ 384 አይደርስም።

ሌላው ገምጋሚ ወዲያው የሚያየው ምክንያቱንም ውጤቱንም ከአንድ ሰው፣ በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ቀን መጠየቅ ነው። እንዲህ ሲሆን የሚገኘው ግንኙነት ከፊሉ ከአጠያየቁ የመጣ ሊሆን ይችላል። ነጋዴው ፈቃዱ ከሆነ የአንድ ወር የግብይት ታሪኩን ከስልኩ ላይ አብራችሁ ቁጠሩ፤ አጠቃቀሙ በአስተያየት መለካቱ ቀርቶ በተግባር ይለካል። መጠይቁን ወደ አማርኛ ካስተረጎሙ በኋላም እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉምልዎና ሁለቱን ያስተያዩ።

ስምንቱን ገጽ እንዲህ ቢከፋፍሉት ይሻላል፦ ችግሩና ጥያቄው አንድ ገጽ ተኩል፣ እስካሁን የሚታወቀው አንድ ገጽ ተኩል፣ ቲዎሪው አንድ ገጽ፣ ዘዴው ሦስት ገጽ፣ ሥራው ያለበት ደረጃና የጊዜ ሰሌዳው ግማሽ ገጽ፣ የቀረው ግማሽ ገጽ ለሜንተሮች ለሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች። ከባዱ ስህተት ይህንን ገልብጦ አምስት ገጽ የጽሑፍ ዳሰሳ፣ ግማሽ ገጽ ዘዴ መጻፍ ነው። የመጨረሻዋን ግማሽ ገጽ አይናቋት። «አስተያየት ቢሰጡኝ» ጥያቄ አይደለም። «የመስክ ጊዜዬ አራት ወር ነው፤ በሁለት ገበያ ጥልቅ የኬዝ ጥናት ልሥራ ወይስ 30 ቃለ መጠይቅ አስቀድሜ መጠይቅ ላስከትል?» ብለው ከጠየቁ ግን ሜንተሩ ይዘውት የሚሄዱት መልስ ይሰጥዎታል።

ከሐዋሳ፦ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል፣ 32 ስላይድ አለኝ። ስደነግጥ ደግሞ እንግሊዝኛዬ ይፈጥናል። ምን ልቀንስ?

መልስ፦ ሃያ ሁለቱን ይቀንሱ። አሥር ስላይድ ለአሥር ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። «ማውጫ» የሚለውን፣ የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ፣ የቃላት ፍቺውን መጀመሪያ ያውጡ። የምርምር ጥያቄዎ ሁለተኛው ደቂቃ ሳያልቅ ስክሪኑ ላይ ይውጣ፤ እስከዚያ ካልመጣ አድማጩ በራሱ ግምት ሌላ ጥያቄ ይፈጥርልዎታል፣ ውይይቱም በዚያ ይሄዳል። ለዘዴው አራት ደቂቃ ይስጡት፤ ምን ከማን በስንት ጊዜ እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚተነተን በአንድ ሥዕል ያሳዩ። የመጨረሻው ስላይድ «አመሰግናለሁ» አይበል፤ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ ይቀመጡበትና በውይይቱ ጊዜ ሁሉ እዚያው ይቆዩ።

ለፍጥነቱ፦ የመጀመሪያውን ደቂቃ ቃል በቃል ያጥኑት፣ ሌላውን ግን አይሸምድዱ። በሰዓት እየያዙ ቤት ሲለማመዱ በስምንት ደቂቃ ተኩል ይጨርሱ። ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ በራስዎ ቃል ደግመው «የጠየቁኝ ይህን ነው?» ይበሉ፤ ያልሰሙትን ጥያቄ ከመመለስም ያድናል፣ ማሰቢያ ጊዜም ይሰጣል። ስላይዱን በፒዲኤፍም ይያዙ፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፓወር ፖይንት ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ወደ ሳጥን ሊለወጥ ይችላል።

ከጎንደር፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤት ለቤት ጉብኝታቸውን በአማርኛ ድምፅ የሚመዘግቡበት ሥርዓት እየሠራሁ ነው። ባለፈው ያየው ሰው «ይህ ሶፍትዌር ምሕንድስና እንጂ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ አይደለም» አለኝ። እንዴት ልከላከል?

መልስ፦ መከላከሉን ይተዉና ትኩረቱን ያዛውሩ። ሰውየው ያየው መተግበሪያ ነው፤ ከመተግበሪያው የሚወጣው ዕውቀት አልታየውም። አስተዋጽኦዎ ድምፅ የሚለየው ሞዴል ራሱ ከሆነ መድረኩ እውነትም ሌላ ነው። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የሚፈልገው ሌላው ሰው ለሌላ ሥራ ሊወስደው የሚችል የንድፍ መርሕ ነው። ለምሳሌ፦ «ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና መዝጋቢዋ በእጇ ሕፃን በምትመዝንበት የመስክ ሥራ፣ ድምፁ ስልኩ ላይ ተቀምጦ ማረጋገጫው ከጉብኝቱ በኋላ ይሁን፤ ምክንያቱም ቅጽበታዊ ማረጋገጫ ትኩረቷን ከእናቲቱ ይነጥቃል።» ለማን፣ በምን ሁኔታ፣ ምን ይደረግ፣ ለምን፤ አራቱ በአንድ ላይ አሉ። እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት መርሖች ካወጡ ይበቃል።

ግምገማውን አስቀድመው ይንደፉ። ብዙዎች መጨረሻ ላይ የኤስዩኤስ መጠይቅ ያስሞሉና 68 ከሚባለው አማካይ በላይ በማግኘታቸው ይረካሉ። አሥር ጥያቄ ያለው ይህ መጠይቅ ለአጠቃቀም ምቹ መሆኑን እንጂ መርሕዎ መሥራቱን አይነግርዎትም። ሁለት ስሪት ያዘጋጁ፣ አንዱ ቅጽበታዊ ማረጋገጫ ያለው፣ ሌላው የሌለው፤ የጉብኝቱን ርዝመት፣ የተዘለሉ መስኮችንና በኋላ የታረሙ ስህተቶችን ያወዳድሩ። በሥራ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ለምን እንዳልበቃም በግልጽ ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው የሚሆነው። የታካሚ ድምፅ ስለሚቀዱም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጋር የሚስማማ የአያያዝ ዕቅድ ይዘው ይቅረቡ።

ከጅማ፦ በአውሮፓ ለሚካሄድ ኮንሰርቲየም ተቀባይነት አግኝቻለሁ። ጉባኤው ሊጀመር ሁለት ወር ቀርቶታል። ለቪዛው ጊዜ አለኝ?

መልስ፦ ዛሬ ከጀመሩ። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የሼንገን ማመልከቻ መደበኛው የማስተናገጃ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አድጓል፤ የማስረጃ ሰነድ መጓደልን በልዩ ሁኔታ ማለፍም ቀርቷል። በአሁኑ ሰዓት የሚሠራበትን ከሚያመለክቱበት ኤምባሲ ያረጋግጡ፤ ወረቀቱን ግን 45 ቀን እንደሚፈጅ አድርገው ያዘጋጁ። ቀጠሮ መጠበቁ ከዚያ ውጭ ነው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሆነ ለወደፊቱ ተቀባይነት እንዳገኙ ይጀምሩ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። የግብዣ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ከተመዘገቡ በኋላ ነውና ምዝገባውን አያዘግዩ። ሲመዘገቡም ስምዎን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይሙሉ፤ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ሲል አንዱ ጋ የአባት፣ ሌላው ጋ የአያት ስም ማስገባት ደብዳቤውና ፓስፖርቱ እንዳይገናኙ ያደርጋል። ከዩኒቨርሲቲው የሚወጣው የድጋፍ ደብዳቤ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ወደ ሥራዎ ወይም ትምህርትዎ የሚመለሱበትን ቀን ይግለጽ።

ከኦስሎ፦ በኢትዮጵያ ወረዳዎች የዲኤችአይኤስ 2 (የጤና መረጃ ማሰባሰቢያ ሥርዓት) መረጃ ለውሳኔ እንዴት እንደሚውል አጠናለሁ። በኮንሰርቲየሙ አንዷ ሜንተር «ከአራት ወረዳ ይልቅ አንዱን በጥልቀት አጥና» አሉኝ፤ ሌላው ደግሞ አራቱንም አጽድቀዋል። አማካሪዎቼ የሚፈልጉት አራት ነው። ማንን ልከተል?

መልስ፦ የሰሙትን በዚያው ምሽት ሁለት ቦታ ከፍለው ይጻፉ፤ ሜንተሯ ያዩት ችግር በአንድ በኩል፣ ያቀረቡት መፍትሔ በሌላ። መፍትሔዎቹ ይጋጫሉ፣ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እዚህ ላይ ሜንተሯ ያሳሰባቸው በየወረዳው የሚቆዩበት ጊዜ ማነስ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ካልሆኑ አጭር ኢሜይል ጽፈው ይጠይቋቸው። ከዚያ ለአማካሪዎችዎ «አንድ ወረዳ አድርግ ተባልሁ» ብለው አይሂዱ፤ «በየወረዳው ሦስት ሳምንት ወርሃዊ የአፈጻጸም ግምገማ ስብሰባን ከአንድ ጊዜ በላይ ለማየት አይበቃም፤ በሁለት ወረዳ ስድስት ስድስት ሳምንት ብቆይስ?» የሚል ከነሰሌዳው ያቅርቡላቸው። ዲግሪውን የሚፈርሙት እነሱ ናቸው፣ ውሳኔውም ከእነሱ ጋር ይወሰን። የትኛውን አስተያየት ለምን እንደተቀበሉና ለምን እንደተዉ የሚገልጽ አንድ ገጽ ማስታወሻ ፋይልዎ ውስጥ ያስቀምጡ፤ በዲፌንስ ቀን «ለምን ሁለት ወረዳ ብቻ?» መባሉ አይቀርም።