ከጉዳት በኋላ ሰውነትን ማሳሳብ፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። «ስለ ስትሬች፣ ማለትም ሰውነትን ስለማሳሳብ፣ ያላችሁን ጠይቁ» ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣልኝ። ደጋግሞ ከመጣው ልጀምር።

ከደብረ ብርሃን፦ ክርኔ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲፈታ እጄ አልዘረጋ አለ። ዘመዶቼ «ወጌሻ ጎተት ያድርግልህ» ይሉኛል።

እባክህን እንዳታስጎትተው። ክርን በግድ ሲሳብ ዙሪያው ያለው ጡንቻ ይቆስላል። አንዳንዴም ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅላል፤ ያኔ ጭራሽ አልታጠፍ አልዘረጋ ይላል። ወጌሻዎቻችን ለሰው ደራሽ ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። ይህ ግን የእነሱ ሥራ አይደለም። አጥንቱ መግጠሙን ሐኪም ካረጋገጠልህ በኋላ በራስህ ጉልበት እጠፈው፣ ዘርጋው። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ውስጥ ደጋግመህ። የደረቀ መገጣጠሚያ በሳምንታት እንጂ በአንድ ጀምበር አይፈታም።

ከመሐል ሜዳ፦ የገብስ አጨዳ ላይ ሰንብቼ ወገቤ ተያዘ። ጠዋት ከአልጋ እንደወረድኩ ጎንበስ ብዬ የእግሬን ጣት ለመንካት እታገላለሁ። ጥሩ ነው?

ሰዓቱ ነው ጥሩ ያልሆነው። ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውሃ ይመጥጡና ይወጠራሉ። ጠዋት አጥብቀህ ስትጎነበስ ጫናው እነሱ ላይ ይበረታል። ከብቶቹን አውጣ፣ አንድ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ በል፣ ከዚያ ጀምር። በመንዝ ብርድ ሰውነት ሳይሞቅ ማሳሳብ አይመከርም። ሕመሙ ወደ እግርህ እየወረደ የሚያደነዝዝህ ከሆነ ግን ነርቭ ሊሆን ስለሚችል ተወውና ታከም። ሽንት መቆጣጠር ካቃተህ ወይም ብሽሽትህ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግባ።

ሌላ ጥያቄ፦ ሳሳስብ ለስንት ጊዜ ልያዘው? እስኪያመኝ ነው?

30 ሰከንድ ይበቃል፤ በዕድሜ ለገፉ እስከ 60 ሰከንድ። ባትን እንውሰድ። በሁለት እጅህ ግድግዳ ተደገፍ። የሚሳበውን እግር ወደ ኋላ አድርግ፤ ጉልበቱ ቀጥ ይበል፣ ተረከዙ ከመሬት አይነሳ። የፊት ጉልበትህን አጥፈህ ወደ ግድግዳው ዘንበል በል። ባትህ ወጠር ሲልህ እዚያው ቁምና ተንፍስ፤ አትንጠር። የመወጠር ስሜት እግርህን ስትመልስ ይጠፋል። የሚወጋ፣ ወይም አድሮ በማግስቱ የሚያሳብጥ ሕመም ከመጣ ግን ልኩን አልፈሃል። «ካላመመ አይድንም» የሚሉህን አትስማ።

ከአንኮበር፣ አንዲት እናት፦ ጉልበቴን ቀዶ ጥገና ተደርጌያለሁ። ሲያመኝ ከሥሩ ትራስ አደርጋለሁ። ለዐቢይ ጾም መስገድ እችላለሁ?

እማማ፣ ትራሱን ከጉልበትዎ ሥር ያውጡልኝ። ቢመችዎትም ጉልበቱ እንደታጠፈ ሊደርቅ ይችላል፤ ቀጥ ካላለ ደግሞ መራመዱም ይከብዳል። ትራሱ ከተረከዝዎ ሥር ይሁን፤ ጉልበትዎ በራሱ ክብደት ይዘርጋ። ለማጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን መሬት ላይ ወደ ኋላ ያንሸራቱ። ቀዶ ጥገናውን ያደረገልዎትን ሐኪም ሳይጠይቁ ግን አይንበርከኩ። ለንስሐ አባትዎም ይንገሯቸው፤ የታመመ ሰው እንደ አቅሙ ነው የሚሰግደው።

ከሸዋ ሮቢት፦ የእግሬ ጀሶ በቅርቡ ተፈታ። ባቴ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ያመኛል። ልሸው ወይስ ላሳስበው?

ሁለቱንም አታድርግ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያሳጣል። ዛሬውኑ ሰው ይዘህ ሆስፒታል ሂድ። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከወጋህ ደግሞ አንድ ደቂቃ አታባክን።