ቤት ውስጥ ያለ አባት መቼ ነው የሚመጣው?

ጥያቄ፦ ጅማ የምኖር የ38 ዓመት ሰው ነኝ። በአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ስሆን ወንዱ ዘጠኝ፣ ሴቷ አምስት ዓመታቸው ነው። ከተማሪነቴ ጀምሮ ፋንታሲ የሚባሉትን ምናባዊ ልብ ወለዶች እወዳለሁ። ማታ ከሥራ ገብቼ እራቴን ከበላሁ በኋላ አንድ ጥግ ይዤ አነባለሁ። አልጠጣም፣ ጫት አልቅምም፣ ውጭ አላመሽም። ባለቤቴ ግን «ከዘንዶዎችህ ጋር ኑር» ትለኛለች። ጎረቤት ፊት ሳይቀር «ይኸው ትልቅ ሰው ተረት ያነባል» እያለች ታሾፍብኛለች። እጮኛሞች ሳለን እንዲህ አልነበረችም፤ ያነበብኩትን ስተርክላት «ከዚያስ?» እያለች ታስጨርሰኝ ነበር። ልጆቹስ ለምደውታል፤ መጽሐፍ ስይዝ አይጠጉኝም። በቡና ወቅት ለክፍያ ወደ ጎማና ሊሙ ኮሳ መፈልፈያ ጣቢያዎች ወጥቼ አድሬ ስመለስ አንገቴ ላይ ይጠመጠማሉ፤ ቤት ስውል ግን ዞር ብለው አያዩኝም። ባለፈው ወር ደግሞ ልጄ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን መጽሐፍ አበላሸብኝ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ባለው ካርታ፣ በተራሮቹ መካከል፣ የእኛን ቤትና በር ላይ የቆመ ባጃጅ በእስክሪብቶ ሣለበት። ከዚያ ወዲህ የመጽሐፍ ቁም ሳጥኑን እቆልፋለሁ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ ያለ መጽሐፍ ሌሊቱን አልገፋውም። ያለችኝ መዝናኛ ይህች ብቻ ናት። ባለቤቴ የንባብ ሰዓቴን እንድታከብርልኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ከቀላሉ ልጀምር። ምናባዊ ልብ ወለድ ማንበብ ለአንድ የቤተሰብ አባት ነውር አይደለም። ቀኑን ሙሉ የእሸት ቡና መረከቢያ ደረሰኝ ሲያመሳክር የዋለ ሰው ማታ ዘንዶ ቢያምረው አይፈረድበትም። ተረትን የልጆች ብቻ አድርጎ ማየትም ልክ አይመስለኝም፤ አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ ከልጆቹ ጀርባ ቆሞ ያላዳመጠ ወላጅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በንባብዎ አይፈሩ።

ደብዳቤዎ የሚጠይቀኝ ስለ ባለቤትዎ ነው። እኔን አላስተኛ ያለኝ ዐረፍተ ነገር ግን ሌላ ነው፦ «ልጆቹስ ለምደውታል፤ መጽሐፍ ስይዝ አይጠጉኝም።» እርስዎ ይህን እንደ ሰላም ቆጥረው፣ ከጥያቄው ዝርዝር አውጥተው በአንድ መስመር አልፈውታል። ከደብዳቤው ሁሉ ለእኔ ከባዱ እርሱ ሆነብኝ።

ከጎማ ሲመለሱ ልጆቹ የሚያደርጉትንም ራስዎ ጽፈውልኛል። ይህን የጻፉት፣ ልጆች ውለታ የማይገባቸው መሆናቸውን ለማሳየት ይመስለኛል፤ እኔ ግን ከዚያው ላይ ፍቅራቸው አለመጉደሉን አነበብኩ። መፈልፈያ ጣቢያ ያደረ አባት መሄዱ ይታወቃል፣ መመለሻው ይጠበቃል፣ ሲመጣ ደግሞ ሮጠው በር ይከፍቱለታል። ልጅ ይህን ሥርዓት አሳምሮ ያውቀዋል፦ አባቴ ሄደ፣ ናፈቀኝ፣ መጣ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በሐሳቡ ሌላ መንግሥት ውስጥ የገባ አባት ግን አልሄደም፤ ስላልሄደም አይመጣም። የአምስት ዓመቷ ልጅዎ ልትናፍቅዎ አትችልም፣ ፊቷ አሉና። ልታገኝዎም አትችልም። «አባዬ መጣ!» ብላ የምትጮኽበት ሰዓት ምሽቱን ሙሉ የላትም። ጎማ ያለ አባት ቢያንስ የት እንዳለ ይታወቃል።

አልጠጣም፣ አልቅምም፣ ውጭ አላመሽም ብለዋል። መልካም ነው፤ በእነዚህ የተነሣ የሚፈርሰውን ቤት በየቀኑ ስለማይ ዋጋውን አላሳንስም። ነገር ግን ሁሉም የማያደርጓቸው ነገሮች ናቸው። ከልጆቹ ጋር የሚያደርጉትን በደብዳቤው ውስጥ ፈለግሁ፤ አንድም አላገኘሁም። ሴቷ ልጅዎ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ ማታ በማን ጎን እንደምትተኛ አልነገሩኝም። የካርታውን ተራሮች ግን ነግረውኛል።

አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሥራቸውን ሲጀምሩ አንዱ መነሻቸው ይኸው ነበር፤ ቤት ውስጥ እያሉ በሐሳብ የሌሉ አባቶች። በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦችም አጥንተዋል። ሁለቱ ምን አገናኛቸው ሊሉ ይችላሉ። የሞተ ይለቀስለታል፣ የሄደ ይጠበቃል፤ አለ ወይስ የለም የሚለው ያልለየለት ሰው ግን ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግለት አያውቅም። አያለቅስለት፣ አይጠብቀው፣ አይተወው። የእርስዎን የምሽት ንባብ ከጦር ሜዳ መጥፋት ጋር ማስተካከል ግነት ይሆንብኛል። ግራ መጋባቱ ግን በመጠን ቢያንስም ያው ነው፤ ባለቤትዎም ከዚሁ ስሜት ጋር የሚታገሉ ይመስለኛል።

ልጆቹስ ወደ ዝምታው እንዴት ደረሱ? ሌላው ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ በእነዚያው ዓመታት ባደረጉት የታወቀ ሙከራ እናቶች ከጨቅላ ልጃቸው ጋር ሲጫወቱ ቆይተው ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን እንዲያደርቁ ይነገራቸዋል። ልጁን ያዩታል፤ ግን አይስቁለትም፣ አይመልሱለትም። ጨቅላው ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም። መጀመሪያ ፈገግ ይላል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያሰማል፤ እናቱን ያስቅ የነበረውን ዘዴ ሁሉ ይሞክራል። ፊቱን የሚያዞረው ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደ ጨቅላ አይደለም፤ ትምህርት ቤት አለው፣ ጓደኞች አሉት፣ ኳስ አለው። ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ያስተውሉልኝ። ዛሬ የማይጠጉ ልጆች ትናንት ተጠግተው ነበር። ምናልባት የቤት ሥራ ይዘው፣ ምናልባት ተጣልተው ሊካሰሱ፣ ምናልባት ያለ ምንም ምክንያት። «ቆይ፣ ይህን ምዕራፍ ልጨርስ» ተብለዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ደግሞ ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉ አያልቅም፣ መጽሐፉ ሲያልቅም ቀጣዩ ቅጽ ይጠብቃል፤ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ልጅዎ ግን ገና ተስፋ አልቆረጠም ብዬ ለማመን አንድ ምክንያት ሰጥተውኛል። «ካርታውን አበላሸው» ብለዋል። ሊያበላሽ የፈለገ ልጅ ይቀድዳል፣ ይሞነጫጭራል። እርሱ የሣለው ቤት ነው፣ በር ነው፣ ባጃጅ ነው፤ ያውም ባዶ ቦታ መርጦ፣ በተራሮቹ መካከል። አባቱ ማታ ማታ የሚሄድበትን ሀገር አገኘና ቤተሰቡን እዚያ አሰፈረው። ለእኔ ይህ ከአንድ ልጅ ለአባቱ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ እርስዎ ለእኔ ከጻፉልኝም ይልቅ ግልጽ ነው። በምላሹ ያገኘው የተቆለፈ ቁም ሳጥን ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና ከምመክርዎ ሁሉ የማላመነታበት ይህ ብቻ ነው፦ ቁልፉን ዛሬውኑ ያንሡት፤ ሥዕሉንም አብረው አይታችሁ በተራሮቹ መካከል ያ ቤት የማን እንደሆነ ይጠይቁት።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ልስማማ አልቻልኩም። «ከዘንዶዎችህ ጋር ኑር» የንባብ ጠላት አነጋገር አይመስለኝም። የመጀመሪያዋ አድማጭዎ እርሳቸው ነበሩ፤ «ከዚያስ?» እያሉ ያስጨርሱዎት ነበር። መጠየቅ ያቆሙት መቼ እንደሆነ ደብዳቤዎ አይናገርም። እኔ የምጠረጥረው መተረኩን አስቀድመው ያቆሙት እርስዎ መሆንዎን ነው። ያኔ መጽሐፉ ሁለታችሁን ያቀራርብ ነበር፤ አሁን አንዳችሁ ብቻ የምትገቡበት ሆኗል። ደግሞም እርስዎ ጥግ ይዘው ሲያነቡ ሳህኑን ማን እንደሚያጥብ፣ የቤት ሥራውን ማን እንደሚያሠራ፣ ልጆቹን ማን እንደሚያስተኛ ደብዳቤው ዝም ብሏል። መልሱን ሁለታችንም የምንገምተው ከሆነ የባለቤትዎ ቁጣ ስለ ዘንዶ ላይሆን ይችላል። ጎረቤት ፊት ማሾፋቸው ግን ልክ አይደለም፤ መከፋትዎ ይገባኛል፣ ለብቻችሁ ሆናችሁ ሊነግሯቸውም ይገባል።

እንግዲህ መጽሐፉን ይተዉ አልልም። እንዲያውም ይህ የጽሑፍ ዓይነት ከልጆች አጠገብ ያደገ ነው። ጄ. አር. አር. ቶልኪን አራት ልጆች ያሏቸው የኦክስፎርድ መምህር ነበሩ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 የታተመው መጽሐፋቸው «ሆቢት» ለልጆቻቸው ማታ ይተርኩላቸው ከነበሩት ታሪኮች አንዱ ነው። አሳታሚው ረቂቁ ለኅትመት ይብቃ አይብቃ እንዲፈርድ የሰጠው ለገዛ ልጁ ነበር። ልጁ አንብቦ አስተያየቱን ጻፈ፤ አንድ ሺሊንግም ተከፈለው። ዕድሜው አሥር ዓመት ነበር። የእርስዎ ልጅ ዘጠኝ ነው።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ አያሳስብዎ። በአማርኛም ቢተርኩት በአፋን ኦሮሞ ዘንዶው ያው ዘንዶ ነው። ለልጅ የማይሆነውን ይዝለሉ፤ ደም የበዛበትንም፣ መኝታ ቤት የሚገባውንም።

የሚሞከረው ነገር ጥቂት ነው፤ ለሁሉም ቤት ይሠራል ብዬም አልምልም። ንባብዎን ልክ እንደ ጎማ ጉዞዎ መሄጃና መመለሻ ይስጡት። ከእራት በኋላ ከልጆቹ ጋር ይቆዩ፤ ማንበብ ሲያምርዎ «እስከ ሁለት ሰዓቱ ዜና ድረስ መጽሐፌን ላንብብና እመጣለሁ» ብለው ይናገሩ። ዜናው ሲጀምር መጽሐፉን ዘግተው ይነሡ፤ ምዕራፉ ቢቀርም ይቅር። ልጆች ሲተኙ ከታሪኩ ትንሽ ይተርኩላቸው፤ ባለቤትዎ ከጓዳ ሆነው መስማታቸው አይቀርም። ለእርሳቸው የንባብ ሰዓት ጥያቄውን አሁን አያቅርቡ። መጀመሪያ ምሽቱ ለእርሳቸው እንዴት እንደሚያልፍ ይጠይቋቸውና ሳያቋርጡ ያዳምጡ።

በአንድ መስመር ያለፉት ሌላም ነገር አለ፤ የእናትዎ ዕረፍት። ነፍስ ይማር። እንቅልፍ የተከለከሉት ከዚያ ወዲህ ከሆነ መጽሐፉ ለእርስዎ ከመዝናኛነት አልፎ ኀዘን የማይደርስበት ቦታ ሆኖ ይሆናል። ይህን ከአንድ ደብዳቤ ተነሥቼ ልወስን አልችልም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያዳምጥዎ ሰው ያስፈልገዋል። በከተማችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሰው ምን ይለኛል ብለው እንዳይቀሩ፤ እንቅልፍ ማጣት በራሱ በቂ ምክንያት ነው። ከተቻለ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ባለቤትዎም አብረው ቢሄዱ እመርጣለሁ።

ለውጡን በሳምንት አይጠብቁ። ሴቷ ቶሎ ትመጣለች፤ ወንዱ መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን ሲዘጉ እንኳን ላይጠጋዎት፣ ተረቱንም «አልፈልግም» ሊል ይችላል። እውነት መምጣትዎን እየፈተነ ነውና አይቆጡት፤ በማግስቱም በዚያው ሰዓት ይነሡ። የሕክምና ቀጠሮውን ግን ጥቅምት ሳይገባ ይያዙ። ለቀማው ከተጀመረና ክፍያ ከመጣ በኋላ እስከ ታኅሣሥ ጊዜ እንደማይኖርዎ ያውቁታል።