የጥበብ ጥርሴ ሊነቀል ነው፤ ሲቲ ስካን ለምን ታዘዘልኝ?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የታችኛው የጥበብ ጥርሴ ተጋድሞ ስለበቀለ ድዴ በየጊዜው ያብጣል። ሐኪሜ ራጅ አይተው «ሥሩ ነርቭ አጠገብ ነው» አሉና ሲቲ ስካን አዘዙልኝ። ፊቴ ይጣመም ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ሁለተኛው ምርመራ የግድ ነው?

መልስ፦ ከፍርሃትዎ ልጀምር። የዚህ ነርቭ መጎዳት ፊት አያጣምምም። ነርቩ ከታችኛው ከንፈር፣ ከአገጭና ከታች ጥርሶች ስሜት ያስተላልፋል እንጂ ፊት አያንቀሳቅስም። ቢነካ የሚመጣው መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን ሳይለቅ ይቀራል፤ ሐኪምዎ የተጠነቀቁትም ለዚህ ነው።

ነርቩ የሚያልፈው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ባለ ቀጭን ቦይ ነው። ራጅ ላይ የምናየው ነርቩን ሳይሆን የቦዩን ጠርዝ ነው፤ ከላይና ከታች ሁለት ነጭ መስመሮች። መስመሩ ሥሩ ጋ ሲደርስ ከተቋረጠ፣ ሥሩ እዚያው ላይ ከጠቆረ ወይም ቦዩ ከታጠፈ፣ ሁለቱ ሳይነካኩ አልቀሩም ብለን እንጠረጥራለን። ራጅ ግን ጠፍጣፋ ምስል ነው። ቦዩ በጉንጭ በኩል ይሁን በምላስ በኩል፣ በመካከላቸው አጥንት ይኑር አይኑር አይለይም። ለጥርስ የሚነሳው ኮን ቢም ሲቲ ይህን ያሳያል።

የግድ ነው ወይ? ለሁሉም ሰው አይደለም። ራጁ ላይ ሥሩና ቦዩ በግልጽ ከተራራቁ እኔ አላዝም። ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ ከራጁ ይበልጣል፤ ደግሞም ሲቲ መነሳት በራሱ ነርቭ አያድንም። የሚጠቅመው ውሳኔ ሲያስቀይር ነው። ስለዚህ ሐኪምዎን «ውጤቱን አይተው ምን ይቀይራሉ?» ብለው ይጠይቁ። አጥንቱን በየት በኩል እንደሚከፍቱ፣ ጥርሱን እንዴት ከፋፍለው እንደሚያወጡ ከነገሩዎት በቂ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም አማራጭ አለ፦ ሥሩ ጤነኛ ከሆነ የጥርሱን አናት ብቻ ቆርጦ ማውጣትና ሥሩን እዚያው መተው። ነርቩ በጣም ከተጠጋ በግሌ ይህን አስቀድሜ አነሳለሁ።

በጥርሱ አቅራቢያ የሚያልፈው ሌላው ነርቭ፣ የምላስ ነርቭ፣ ግን በሲቲም አይታይም፤ ስለሱ ለብቻው ይጠይቁ። እርግዝና ከጠረጠሩ ሲቲውን ከመነሳትዎ በፊት ይናገሩ። ጥርሱ በተነቀለ ማግስት ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ አሁንም ደንዝዞ ከሆነ «ይለቀኛል» ብለው አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ለሐኪምዎ ይደውሉ።