ዝናብ ያቆየን እሑድ፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ ስለ ብር የተጠየቅኋቸው

እሑድ ከሰዓት የዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ አለቀ፤ ሰው ግን ከኮሚናሉ ንቅንቅ አላለም። ዝናቡ ነው። ሃያ ዓመት በቁጠባና ብድር ማኅበር ሒሳብ ስለሠራሁ የብር ነገር ሲነሣ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። «ዝናቡ እስኪያባራ እንጠይቅህ» አሉኝ። ስም እየተውኩ ጥያቄና መልሱን ላስፍር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 300,000 ብር ዕቁብ ደረሰኝ። ባለቤቴ ከዚህ ወጣ ብሎ መሬት እንግዛ ይላል። ካርታ የለውም፣ የገበሬ ነው። ደላላው «በኋላ ካርታ ይወጣለታል» ብሎናል። እኔ ደግሞ ሱቅ ልከፍት ነበር ሐሳቤ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ጉዳይ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ መልሴ ይረዝማል። በ1999 ከወንድሜ ጋር ሆነን በከተማው ጠርዝ 150 ካሬ ገዛን። ውሉ በመንደር ሽማግሌዎች ፊት ተፈረመ። ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ሠርተን ገባን። ሦስት ዓመት ኖርንበት። አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳው ላይ ቀይ ኤክስ ተቀብቶ አገኘን፤ በአራተኛው ቀን ዶዘር መጣ። ከሰዓቱን ከቆርቆሮው ላይ ምስማር እየነቀልኩ በድንጋይ ሳቃና ዋልኩ። ያ ሁሉ ገንዘብ ጠፍቶ እኔ የማስበው ስለ ምስማር ነበር።

ሕጉን እናውቀዋለን፣ ግን እንዘለዋለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ የምትፈርሙት ወረቀት ነገ ክርክር ቢነሣ በየትኛው ዳኛ ፊት ያቆማችኋል? ያኔ ዋጋው ረከሰልን ብለን ተደስተን ነበር። ለካ የማፍረሻው ሒሳብ ቀድሞ ተቀንሶልን ነው።

«እገሌ እኮ እንዲሁ ገዝቶ ዛሬ ባለ ካርታ ነው» ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ እኔም አንድ አውቃለሁ። እሱ ግን እዚሁ ሰፈር ስላለ በየቀኑ እናየዋለን። የፈረሰበት ሰው ሰፈሩን ለቅቆ ሄዷል፣ ማን ያየዋል? እኔ ራሴ ከዚያ ሰፈር ከወጣሁ ጀምሮ ተመልሼ አላውቅም።

ሱቁም ሊከስር ይችላል። ልዩነቱ፣ ሱቅ ሲከስር ዕቃውን በቅናሽ ትሸጫለሽ፣ መደርደሪያውን ትሸጫለሽ፣ ከ300,000ው የሆነ ነገር ይተርፋል። መሬቱ ከከሸፈ ምስማር ነው የሚተርፈው። ስንት አተርፋለሁ ከማለትሽ በፊት፣ ከከሸፈ በምን እነሣለሁ በይ። ሱቁንም ቢሆን በሙሉው ገንዘብ አትክፈቺው፤ በ100,000 ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ቂሊንጦ። ለቅቄ በብድር ባጃጅ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ አልልህም። መጀመሪያ የሰው ባጃጅ ተቀበልና ሦስት ወር ቅዳሜና እሑድ፣ ማታ ማታም ለባለቤቱ ገቢ እያስገባህ ንዳ። ደብተር ያዝ። ነዳጅ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ቅጣት፣ ሁሉንም ጻፍ። ጎበዝ የሚባሉት ሾፌሮች «በቀን ይኼን ያህል አለው» ሲሉህ ጥሩውን ቀን ነው የሚነግሩህ። ጋራዥ የዋለበትንና መስመር የተዘጋበትን ቀን ማንም አያወራም። እንበልና በወር 26 ቀን ብትሠራ፣ በ18ቱ 1,000 ብር ቢተርፍህ፣ በ6ቱ 300፣ በ2ቱ ጋራዥ ውለህ 2,000፣ 2,000 ብር ብታወጣ፣ በእጅህ የሚቀረው 26,000 ሳይሆን 15,800 ነው። የብድሩ ክፍያ ከዚህ ላይ ነው የሚወጣው። ሦስት ወሩ ካለቀ በኋላ ደብተሩን ይዘህ ና፣ አብረን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ብር ዋጋ እያጣ ባንክ ማስቀመጥ ሞኝነት አይደለም?

መልስ፦ ግማሹ ትክክል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የቁጠባ ወለድ ትንሹ ደግሞ 7 በመቶ ነበር። ስለዚህ ለአሥር ዓመት ባንክ አስቀምጦ መርሳት ያከስራል። ግን የሦስትና የአራት ወር አስቤዛና ኪራይ የሚሆን ብር እንዲያተርፍ አይደለም የሚቀመጠው። ልጅ ሌሊት ሲታመም ፍሪጅ ተሸጦ አይታከምም። ባንክ ቢወድቅስ ለሚል፣ የተቀማጭ መድን ፈንዱ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ከሦስት አራት ወሩ ወጪ በላይ ያለህን ግን ለሥራህ የሚሆን ዕቃ ግዛበት፣ ሙያ ተማርበት። ጥቁር ገበያ ዶላር መግዛትን አልመክርም። ብትታለል የት ሄደህ ትከሳለህ?

ጥያቄ፦ አክሲዮንስ?

መልስ፦ ለአምስት ዓመት የማትፈልገው ብር ካለህ። ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ አንዱ 300 ብር፣ መግዛት የሚቻለው ትንሹ 33 ነበር፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በ2017 ቢከፈትም፣ በፈለግህ ቀን ሸጠህ ትወጣለህ ብለህ ግን አትግባ። የኪራይ ብርህን ደግሞ ጨርሶ እዚያ አታስገባ።

ጥያቄ፦ አከራዬ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል አለኝ።

መልስ፦ በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይፈቅድም። የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። በጨዋ ደንብ ንገረው።

ጥያቄ፦ የሚስቴ ወንድም ለብድር ዋስ ሁነኝ ብሎኛል። እምቢ ብል ቤቴ ይታመሳል።

መልስ፦ ያውልህ፣ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ካለ፣ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ አንተ ላይ መምጣት ይችላል። ስለዚህ ዋስ ስትሆን የተበደርከው አንተ ነህ ብለህ ቁጠር። ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የዋስትናው ጣሪያ በቁጥር ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። እምቢ ማለት ካቃተህ ሌላ መንገድ አለ። ቢጠፋ የማይጎዳህን ያህል ብር በእጁ ስጠው፣ እንደ ስጦታ። 20,000 ሰጥቶ መርሳት የ200,000 ዋስ ሆኖ እንቅልፍ ከማጣት ይሻላል። ለሚስትህ ግን ከመስጠትህ በፊት ንገራት።

ጥያቄ፦ ኮሌጅ አንድ ዓመት ቀርቶኛል። ዓረብ አገር ሥራ ተገኘልሽ አሉኝ። ልሂድ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይኼን እኔ አልወስንልሽም። አንድ ነገር ብቻ እይ። ሥራው በሚቀጥለው ዓመትም ሊገኝ ይችላል። ትምህርቱን ግን ሄደሽ ስትመለሺ ትቀጥይዋለሽ ወይ? ሄደው ተመልሰው የቀጠሉ ስንት ታውቂያለሽ? ቁጠሪያቸው። የቤታችሁ ችግር ዓመት የማይጠብቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ሂጂ ብልሽም አልሳሳትም። ብቻ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ ይሁን። በሕጉ የቪዛውንም የአውሮፕላን ትኬቱንም ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ለቪዛ ክፈይ የሚልሽ ሰው ካለ ከዚያው ተመለሺ።

ጥያቄ፦ (አባባ ናቸው፣ የዕድሩ ዳኛ) ነገን የሚያውቅ እግዜር ነው። ይኼ ሁሉ ሒሳብ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ አባባ፣ ይኼን እርስዎ መጠየቅዎ! በዚህ ወር ማን እንደሚሞት እናውቃለን? አናውቅም። ግን ድንኳኑ እዚያ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ብረት ድስቱ ተቆልፎበታል፣ መዋጮው በየወሩ ይገባል። የማን ቤት እንደሚንኳኳ ሳናውቅ ለሁሉም ቤት ተዘጋጅተናል። እኔም እንዲሁ ነው የምላቸው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት የሠሩትን ነው የምደግመው።

አባባ ሳቁ፣ ቤቱም ሳቀ። ዝናቡ ቀነስ ብሎ ነበር። ባለ ዕቁቧ ግን አልተነሣችም። ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ አንድ ነገር አልነገርኩህም» አለች። ለቀብድ 20,000 ብር ቦርሳዋ ውስጥ ይዛለች። «ደላላውስ የት ነው?» ብላት በአገጯ ወደ ውጭ አመለከተችኝ። ከማዶ ባለው ሱቅ ክዳን ሥር አንድ ሰው ቆሟል፣ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ይዟል። ብርድ ይዞታል።

«በሉ ጥሩት፣ ገብቶ ሻይ ይጠጣ» አልኩ። «ፌስታሉንም ይዞ ይግባ።»