የቤት ውስጥ ጥያቄዎቻችሁ፤ ግንቦት 2012

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሰባት ነን። ውሃ ወደ ሰፈራችን የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ከተዘጋበት ከመጋቢት 7 ወዲህ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ከግቢ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ግቢ ናቸው። እጃቸውን ባስታጠብኩ ቁጥር በርሜሉ እየጎደለ ተቸገርኩ። (የአራት ልጆች እናት፣ ከኮልፌ)

መልስ፦ ውሃዎን የሚጨርሰው በጆግ ማስታጠቡ ነው፤ ሳሙናው እየተሻሸም ውሃው ይፈስሳል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይውሰዱና ከመቀመጫው ሁለት ጣት ከፍ ብለው በጋለ ቀጭን ምስማር አንድ ቀዳዳ ይብሱ። ሞልተው ክዳኑን ሲያጠብቁት ውሃው ይቆማል፤ ላላ ሲያደርጉት በቀጭኑ ይወርዳል። ክዳኑ ጠብቆም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አየር በዚያው እየገባ ነው። ለመድፈን አይድከሙ፣ ሌላ ጠርሙስ ይብሱ።

ልጁ እጁን ያርጥብ፣ ክዳኑን ያጥብቅ፣ 20 ሰከንድ በሳሙና ይሸው፤ በጣቶቹ መካከልና ጥፍሩ ሥር ሳይቀር። ክዳኑን ራሱን በሳሙናማ እጁ እንዲያሸው ያስተምሩት፤ አለዚያ የታጠበው እጅ ተመልሶ የቆሸሸውን ክዳን ይነካል። በዚህ አኳኋን ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ይበቃል። ሰባት ሰው በቀን ስድስት ስድስት ጊዜ ቢታጠብ 21 ሊትር ነው፣ አንድ ጀሪካን ገደማ። ለሦስት ቀን ሦስት ጀሪካን ለእጅ ብቻ ለይተው ያስቀምጡ። ከሥር ሳፋ ያድርጉ፤ የተጠራቀመው ለሽንት ቤት ይሆናል።

ሳሙናው ውሃ ውስጥ እየዋለ እንዳይሟሟ በአሮጌ ስቶኪንግ ከትተው ይስቀሉት። ሳሙና ከተወደደ 30 ግራም ኦሞ በ1.5 ሊትር ውሃ በጥብጠው መጠቀም ይችላሉ። ኦሞ ቆዳ ያደርቃልና ማታ ማታ ልጆቹን ቫዝሊን ይቀቧቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በር ላይ በረኪና በውሃ በጥብጬ ልብሱ ላይ እረጫለሁ። እንዲጠነክር ብዬ አቼቶ ብጨምርበት ሽታው ደረቴን ዘጋኝ። ልኩ ስንት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱንም ዛሬውኑ ያቁሙ። በረኪና ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ደረትዎን የዘጋው እሱ ነው። ሰው ላይ መርጨትም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል እንጂ ከበሽታው አያድንም። ባለቤትዎ ጫማውን በር ላይ ያውልቅ፣ እጁን ይታጠብ፣ ልብሱን ይቀይር፤ ይበቃል።

በረኪናው ለእጀታ፣ ለማብሪያ ማጥፊያና ለጠረጴዛ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። በግምት አይቅዱ፤ የልጆች ሽሮፕ መስፈሪያ ክዳን ላይ ቁጥሩ አለ። መስፈሪያው ከዚያ ወዲያ ለመድኃኒት አይመለስ። መጀመሪያ ዕቃውን በሳሙና ይጠቡ፤ ቆሻሻ የበረኪናውን ኃይል ይጨርሰዋል። ከዚያ በብጥብጡ አርጥበው 10 ደቂቃ ይተዉት፣ ብረት ከሆነ እንዳይዝግ በንጹሕ ውሃ ይጥረጉት። ያደረ ብጥብጥ ኃይሉ ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይበጥብጡ።

ብጥብጡን ሃይላንድ ውስጥ በፍጹም አያስቀምጡ። የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልስ አያስገድዱት፤ አፉን አጉመጥምጠው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመታቸው ነው። ለብቻቸው ሳሕን ብናቀርብላቸው «ለይታችሁኝ ነው» ብለው ምግብ ተዉ። (ከጎንደር)

መልስ፦ እሳቸውን ብቻ ስለለያችሁ ነው ቅር ያላቸው። ለሁሉም በየሳሕኑ ያቅርቡ፤ እንጀራውን ጠቅልሎ ወጡን የሚያወጣው አንድ እጁን የታጠበ ሰው ይሁን። እናት ባርከው ይጀምሩ። ጉርሻው ለጊዜው ይቅር። ከውጭ የሚመላለሰው ልጅ ራቅ ብሎ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ መስኮቱ ይከፈት።

ቡናው ላይ ግን ይጠንቀቁ። ከአቦል ወደ ቶና ሲኒዎቹ በአንድ ጎድጓዳ ዕቃ ውሃ ለቅለቅ ተደርገው ይቀላቀላሉ። በየሲኒው ላይ የተለያየ ቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ እያንዳንዱ እስከ በረካ ድረስ በራሱ ሲኒ ይጠጣ።

እናትዎ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው ወይም ንግግራቸው ከተዘባረቀ፣ ትኩሳት ባይኖርም በሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ የስልክ መስመር በ8335 ይደውሉ።