ክሎራይድ አነሰ ማለት ጨው ይጨመር ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከደምበጫ ነው። እናቴ የልብ ድካም አለባት ተብሎ ላሲክስ ትወስዳለች። ሰሞኑን በደም ምርመራ ክሎራይዷ 91 ሆነ፣ አንሷል አሉን። ጎረቤት «ጨው አብዙላት» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ክሎራይድ የበረኪና ነገር ነው ብሎ አስፈራን። ለመሆኑ ክሎራይድ ለልብ ምን ይሠራል?

መልስ፦ በረኪናውን ይርሱት፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ክሎራይድ ወጥ ውስጥ ከምንጨምረው ጨው የሚገኝ ነው። በደም ውስጥ መደበኛ መጠኑ በሊትር ከ96 እስከ 106 ሚሊሞል ገደማ ነው።

ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። ስለ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ብዙ ይወራል፤ ግን የልብ ሕዋስ ለክሎራይድም የራሱ በሮች አሉት። ቻናል እንላቸዋለን። ክሎራይድ በኤሌክትሪክ ኔጌቲቭ ነው። ሕዋሱ ሲመታ ውስጡ ለአፍታ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ያኔ በሩ ከተከፈተ ክሎራይድ ይገባና ምቱ ቶሎ እንዲያበቃ ያግዛል። ሕዋሱ ባረፈበት ሰዓት ከተከፈተ ግን ክሎራይድ ይወጣል፤ ሕዋሱም ለመምታት ይቀርባል፤ ሲበዛ ያለጊዜው እስከመምታት። ያው በር፣ እንደ ሰዓቱ ሁለት ሥራ! እኔን ዛሬም ይገርመኛል።

በ1989 እ.ኤ.አ. በጥንቸልና በጊኒ ፒግ ልብ ላይ በአድሬናሊን ትእዛዝ የሚከፈት የክሎራይድ በር ተገኘ። አድሬናሊን ስንደክም ወይም ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚያመነጨው፣ ልብን የሚያፈጥን ነገር ነው። የዓባይን አቀበት ወደ ደጀን በእግር የወጣ ሰው ልቡ እንዴት እንደሚፈጥን ያውቃል። ያኔ በዚህ በር እገዛ እያንዳንዱ ምት ሲያጥር፣ ልብ በመካከል ደም የሚሞላበት ጊዜ ያገኛል። ሕዋስ ሲያብጥ የሚከፈት ሌላ በርም አለ። አብዛኛው እውቀት የመጣው ከእንስሳት ልብ ነው።

የእናትዎ 91 ግን የሚነግረን በይበልጥ ስለ ክኒኑ ይመስለኛል። ላሲክስ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ ያደርጋል። ክሎራይድ አብሮ ይሄዳል፤ ፖታሲየምም እንዲሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ፖታሲየሙ ነው፤ እሱ ሲያንስ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ስንት እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ወረቀቱን ይዩልኝ።

ጨው እባክዎ አይጨምሩላቸው። ጨው ውሃ ይይዛል፤ እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ክኒኑንም በራስዎ አያቋርጡ። ውጤቱን ይዘው በዚህ ሳምንት ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ይመለሱ፤ የክኒኑን መጠን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ልባቸው ድው ድው ካለ ወይም ማስታወክ ከያዛቸው ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ቶሎ የሚደርሱበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።